ያልተላለፈው ድምፅ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከኋላዋ ነበርኩ፣
እሷ ለሰው ስታወራ፣ እኔ ነፋስ መዘንኩ፤
በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ጠጉራም ማይክራፎን፣
የእረኛ ውሾች ሁሉ፣ ጥንቸል እየመሰላቸው፣ የሚዘሉበትን።

ኤሊኔድ ነው ስሟ። የወተት ጫኝ ልጅ፣ ከኩም ዲ ሸለቆ፣
ካርዲፍ ጸሐፊ ሳለች፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ የአቅራቢው ድምፅ ደርቆ
ሌላ ሰው ፈለጉ። ሌላ ሰው ጠፋና፣
«ታይፕ ክፍል አለች አንዲት፣ በግ ታውቃለች» አለ፣ ዘበኛው ገባና።

ሁለት ቁጥር የሚሰፋ፣ የወንድ ቦት ጫማ ተውሳ፣
ጭቃ መሐል ብትቆም፣ ያጠናችው ንግግር፣ ከነነጥቡ ተረሳ።
ዝም አለች ደቂቃ ሙሉ። ከዚያም ጎንበስ ብላ
የአንዷን በግ ሰኮና፣ ትከረክም ጀመር፣ በኪሷ ቢላ።
አገር ምሳውን ትቶ አየ።
ሰኞ ስልኩ ሲጮህ ዋለ፣
ሥራ አስኪያጁም «ትቀጥል» አለ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ፕሮዲውሰር አደረጓት፤
ደመወዝ ጨመሩላት፣ እንቅልፉን ነፈጓት።
በአንድ አሮጌ መኪና፣ እሷና እኔ፣ ካሜራ ያዡም ግዊሊም፤
«ይዘንባል» ስንላት፣
«ዝናብ ከፈራንማ፣ እዚህ አገር ፕሮግራም የለም።»

ፍየል የጥያቄ ወረቀቷን፣ በቀጥታ ሥርጭት በልታባታለች።
ካብ የሚክብ ሽማግሌ፣ «ድንጋይም ፊት አለው፣
ፊቱን ፈልጊለት» ብሏት፣ ግማሽ ቀን ስትፈልግ ውላለች።
ደግ ነበረች ግን አልልም፣ ሁልጊዜ።
ቅንብር ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
የሻይ ኩባያ ወርውራብኛለች፤
ከሌላ መንጋ ጩኸት፣ ቀላቅዬ ብትሰማ፣
«ገበሬው ያውቀዋል!» ብላ ጮኻለች።

ከዚያ በሁለት ሺህ አንድ፣ አፍተ እግር መጣ።
መንገዱ ገለባ ለበሰ፣ ገለባው መድኃኒት ጠጣ።
ከላይኛው እርሻ፣ ኢድዋል ደወለልን፤
አንድም በግ አልታመመበት፣
የጎረቤት ሕመም ነው፣ ያስፈረደበት።
«የነበረኝ ይታይ» አለ። ሄድን።
ነጭ የለበሱት ሰዎች፣ ከጋጣው ቆመዋል፤
ኢድዋል ውሻውን አስሮ፣ በሩን ይዞ ይቆጥራል፣
እንደ ገበያ ቀን፣ በጥንድ በጥንድ፣
አንዲት እንዳትቀር፣ አንዲት እንዳትሄድ።

ኤሊኔድ ሌንሱ ላይ እጇን ጣለች። «ይብቃ።»
«ሥራችን ነው» አላት ግዊሊም።
«ሥራዬ ነው። ይብቃ።»
በዚያ እሑድ አገር ያየው፣ ባዶ መስክ ነበረ፣
ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ቃል፣ አራት ደቂቃ።

ካርዲፍ ተቆጣ፣ ማስጠንቀቂያ ጻፈ።
የኔ ካሴት ግን ይዞር ነበር።
ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም።
ቀይ አዝራሩ ላይ አውራ ጣቴ፣
እንደ በረዶ ደርቆ፣ መጫን አልቻለም።

ባለፈው መጋቢት ሸኟት።
ኬኩ በበግ አምሳል ነው፣ ጆሮውን ማንም አልቆረሰ፤
የድሮ ቅንጥብጣቢ ታየ፣ ፍየሏ መጣች፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ።
ኪሴ ውስጥ ካሴቱ ከበደኝ።
ደጅ ጠራኋትና፣ መኪናዬ ውስጥ ገብታ፣
ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈነች።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ቆጠራው አለቀ።
በሩ ሲጥ አለ። ነፋስ። ውሻ፣ ከሩቅ።
ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዣለሁ።
«ይሄ በር» አለች፣ «ዘይት ይፈልጋል።»

በማግሥቱ ሄድን፣ ካሜራ ሳንይዝ።
ኢድዋል የለም አሁን። ልጁ ግዌንሊያን አለች፣
ሌሎች በጎች አሏት፤ እኛን ስታይ ሳቀች፣
«ቀረጻ ነው?» አለች።
«የለም፣ ጥገና ነው።»
ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ በልኳ ቦት ጫማ፣
ማጠፊያውን ዘይት አጠጣች።
ከፈተች፣ ዘጋች። ከፈተች፣
ዘጋች።

እኔ በልማድ ትንፋሼን ያዝኩ፣
ያልያዝኩትን ዘንግ፣ ወደ በሩ ዘረጋሁ፤
የሚቀዳ ነገር ግን፣ ምንም አልሰማሁ።